ባለ ቀይ ክር ጆንያ

ሰውየው በመታወቂያው ላይ ሌላ ስም አለው። ያንን ስም ግን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም፤ እሷም ብትሆን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው ከሾፌር እስከ ሻይ ሻጭ ያለው ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ሚዛን በሚለው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአውቶቡስ ጣሪያ የሚወርድ ጆንያ በትከሻው ሲቀበል የኖረ ተሸካሚ ነው። አንገቱ አጭር፣ እግሩ ደንዳና፣ ቀኝ ትከሻው ከግራው ሁለት ጣት ዝቅ ያለ። ኮት ሊያሰፋ ሲሄድ ልክ የሚወስደው ሰው ሁልጊዜ "ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ!" ይለዋል፤ እሱም "የኔ ቀጥታ ይሄ ነው" ይላል።

ስሙ የወጣለት እንዲህ ነው። አንድ እህል ነጋዴ ጆንያ አሸከመውና "ሃምሳ ኪሎ ነው" አለው። ሰውየው ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። "አርባ ስድስት ነው፤ ከጨቀጨቅከኝ አርባ ስድስት ተኩል" አለ። ጆንያው ሚዛን ላይ ወጣ። ሚዛኑ ሃምሳ አለ። ተሸካሚዎቹ ከት ብለው ሲስቁ እሱ "እንግዲያው የተሳሳተው ሚዛኑ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ለጨዋታው ሲሉ ከሌላ ሱቅ ሌላ ሚዛን አመጡ። አርባ ስድስት ተኩል! ነጋዴው ሚዛኑን ታቅፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ስሙም እዚያው መናኸሪያ ውስጥ ለሰውየው ቀረለት።

ክብደት ማወቁ ግን ከችሎታው ሁሉ ትንሹ ነው። ባቄላ ትከሻ ላይ ሲያርፍ እንደ ጨዋ እንግዳ ቦታውን ይዞ ቁጭ ይላል፤ አይነቃነቅም። በቆሎ ደረጃ በወጡ ቁጥር ወደ ኋላ ይፈሳል። ድንች ይጎረብጣል፣ ሽንኩርት ይንኮሻኮሻል፣ ዶሮ ካለችበትማ ጠያቂ ሳያስፈልጋት ራሷ ትናገራለች። ጋሽ ሚዛን ዓይኑን ጨፍኖ ጆንያ ቢሸከም የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ፣ የዘንድሮው አዝመራ እንዴት እንደነበር ያውቃል። ጋዜጣ አያነብም፤ አያስፈልገውም።

ከመናኸሪያው በላይ ያለው ሰፈር ዳገቱ ላይ ተሰቅሏል። መኪና አይወጣውም፣ ጋሪ አይገፋበትም፤ ያለው መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ከደረጃው ግራና ቀኝ የሚኖሩት ግንበኞች፣ አስተናጋጆች፣ ዘበኞች፣ ልብስ አጣቢዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከገጠር የገቡ። የሚያገኙት ደመወዝ ለቤት ኪራይና ለልጅ ደብተር ነው። የሚያበላቸው ከአውቶቡስ ጣሪያ የሚወርደው ነው። ጋሽ ሚዛንን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያልሰለቸው፣ እንደ መጀመሪያው ቀን የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነበር። እናት እዚያ ታጭዳለች፣ ልጅ እዚህ ይጎርሳል፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አቧራ አለ። "እናንተ አውቶቡስ ትሏታላችሁ" ይላቸው ነበር ሾፌሮቹን፣ የዛገውን ጎኗን በመዳፉ እየመታ፣ "ማንኪያ ናት እኮ! እጀታዋ እዚያ፣ አፏ እዚህ!" ሾፌሮቹ ይስቁበታል። እሱ ግን አልቀለደም።

ተሸካሚዎቹ አንድ ሕግ አላቸው፤ የትም አልተጻፈም፣ ከተጻፈው ሁሉ ግን ይጠብቃል። ጆንያውን ቤት አድርሰህ ስትወጣ ውስጡ ያለውን ረስተኸዋል። ስለ ክብደቱም ሆነ ስለ ይዘቱ ለማንም፣ ለባለቤቱ እንኳ ሳይቀር፣ ትንፍሽ አትልም። ጆንያ የሰው ጓዳ ነው፤ የሰው ጓዳ ደግሞ ገበና አለው። ሽቦ የሚሉት ቀጭን ተሸካሚ አንድ ጊዜ ሻይ እየጠጣ "የዚያች አስተናጋጅ ዘመዶች ዘንድሮ ነፋስ ነው መሰለኝ የሚልኩላት" ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ደረጃውን ወጥቶ ሴትዮዋ ጆሮ ገባ፤ ሴትዮዋም በሳምንቱ ሰፈር ለቀቀች። ሽቦ ስድስት ወር ሙሉ መናኸሪያው ደጃፍ እንዳይደርስ ተደረገ። ያስከለከለውም ጋሽ ሚዛን ነበር።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንምጣ። ቤቷ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ናት። አንዲት ክፍል፣ በሩ ጋ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ኋላ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ጆንያ። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ብቅ የሚለው በሁለት ወር አንዴ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላት አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። የልብስ ሰፊዋ እናት ገጠር ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአምስት ዶሮዎቿ ጋር ብቻዋን ትኖራለች።

እናትየዋ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጆንያ ትልካለች። የጆንያውን አፍ የምትሰፋው በቀይ ክር ነው። ክሩን የምትልክላት ደግሞ ልጅቷ ናት፣ ከጨው፣ ከሳሙና፣ ከራስ ምታት ክኒንና ከምትሰፋላት ቀሚስ ጋር። ጋሽ ሚዛን እናትየዋን አይቷት አያውቅም። ስፌቷን ግን ያውቀዋል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል እኩል የተረገጠ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ። መቶ ጆንያ በተቆለለበት ጣሪያ ላይ ያ ቀይ መስመር ከሩቅ ይታየዋል። በልቡ "ደህና ዋሉ እትዬ" ይላታል።

ሕፃኗ ስትወለድ ደህና ነበረች። ስምንት ወር ሲሞላት ግን እየመነመነች ሄደች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባለ ቀለሙን የምግብ እጥረት መለኪያ ክንዷ ላይ ስትጠመጥመው ቀዩ ላይ ቆመ። ወሬው በአውቶቡሱ ረዳት አፍ ገጠር ደረሰ። በቀጣዩ ሐሙስ ጆንያው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል ነበረበት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሐሙስ አልቀረም። ከእንቁላሉ ጋር ባቄላ፣ ምስር፣ ካሮት፣ ዱባ። በአራት ወሩ ያው መለኪያ ቢጫውን አልፎ አረንጓዴው ላይ ቆመ።

ነርሷ ተገርማ "ምን አብልተሻት ነው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት።"

"እናትሽ አብራሽ ነው የምትኖረው?"

"አይ፣ እሷ ገጠር ናት።"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታጫውተው ጋሽ ሚዛን ትከሻው ላይ ያለውን ጆንያ ሳያወርድ ቆሞ ሰማ። እንቁላል እኮ ነው! በትንሽ ነገር የሚሰበር፣ ያንን ሁሉ ጉድጓድና ጠመዝማዛ አልፎ፣ በእሱ ትከሻ ሰማንያ ደረጃ ወጥቶ፣ የሕፃን ክንድ ሆነ። ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ሲሸከም እንደኖረ ያን ቀን የገባው መሰለው። ከዚያ ወዲህ ያችን ልጅ ባገኛት ቁጥር ክንዷን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ይለቃታል።

አንድ ጊዜ ብቻ እንቁላሎቹ ተሰባብረው መጡ። ልብስ ሰፊዋ በረዳቱ በኩል "እማ፣ እንቁላሉ እየተሰበረ ነው፣ ጭድ ጨምሪበት" ብላ ላከች። ይህችን መልእክት ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ማዶ ዝናብ ቀረ። ከተማ ውስጥ ዝናብ ማለት ጭቃ ስለሆነ፣ ሲቀር ጫማችን ተረፈ ብለን ደስ ይለናል እንጂ ምን እንደቀረ አናስብም። ደረጃው ላይ ያሉትም ልብ አላሉም። ልብ ያለው የጋሽ ሚዛን ትከሻ ነበር።

ባለ ቀይ ክሩ ጆንያ እንደወትሮው ሃያ ስምንት ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ሐሙስ ሃያ አራት ሆነ። በሚቀጥለው ሃያ። ከዚያ አሥራ አምስት። የሚገርመው ውፍረቱ ያው ነው! አፉ ድረስ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ስፌቱ ያው ጥቅጥቅ ያለ ቀይ ስፌት ነው፤ ለሚያየው ሰው አንዳች የጎደለው ነገር የለም። ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ይሰምጥና መልሶ ይነሳል። ባቄላ አይነሳም። በቆሎ አይነሳም። ሲጫኑት የሚሰምጥ ሲለቁት የሚነሳ ነገር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አይበላም።

ጋሽ ሚዛን ጆንያውን እያደረሰ፣ "እናትሽ ደህና ናት?" ይላል።

"ደህና ናት፣ ይኸው አይታይህም? ጢም አድርጋ ልካልኛለች!" ትለዋለች ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

እሱም አፉን ይዞ ደረጃውን ይወርዳል።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ እንደ ልማዷ ትከሻውን በሞቀ ዘይት ታሽለታለች። እጇ የሚያገኘውን ሁሉ ለይታ ታውቃለች፤ የሲሚንቶ ሳምንት፣ የድንች ሳምንት እያለች።

"ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደነደነው? ምን ተሸክመህ ነው?"

"ቀላል ጆንያ።"

"ቀላል ጆንያ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትከሻ የሚያደነድነው? አንተ ሰውዬ፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ።"

በተጋቡ በሃያ ስድስት ዓመታቸው ነግሯት የማያውቀውን ነገራት። ከተማ እንደገባ፣ ገና ለሌላ ሰው ጆንያ መሸከም ሳይጀምር፣ እናቱ ትልክለት ነበር። ብቻዋን ነበረች። በየወሩ ዱቄትና ሽምብራ። አንድ ቀን የመጣውን ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ እነዚሁኑ ደረጃዎች መውጣት ጀመረ።

"ምን አልኩ መሰለሽ?" አላት። "'እሰይ፣ ዛሬስ ቀለለልኝ' አልኩ። እያፏጨሁ ነው የወጣሁት።"

የሚስቱ እጅ ቆመ።

"ሌላ ጆንያ አልመጣም። መርዶ ነው የመጣው። ሄጄ ጎተራዋን ሳየው በመጥረጊያ ተጠርጓል። የመጨረሻውን ጠርጋ ነው የላከችልኝ። ይሄ ትከሻ ያን ቀን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

ሚስቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ መዳፏ ዘይት ነበረበት። ስለማን ጆንያ እንደሚያወራ አልጠየቀችውም፣ ሕጉን ታውቃለች።

"ብናገር ልጅቱ ትሸማቀቃለች። ሽቦን ስድስት ወር ያስከለከልኩት እኔ ነኝ፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?" አላት። "ዝም ብል ደግሞ..."

"ሕጉ አትናገር ነው የሚለው አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አትናገራ።" እጇን መልሳ ትከሻው ላይ አሳረፈች። "ግን ትከሻ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?"

ጋሽ ሚዛን ዞሮ አያት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮ ይህቺ ሴት ገና የማያውቀው ጓዳ አላት።

ሐሙስ ደረሰ። አውቶቡሱ ከቀትር በኋላ ገባ። ባለ ቀይ ክሩ ጆንያ ሲወርድለት ትከሻው ወዲያው ቆጠረው፤ አሥራ አንድ ኪሎ። ተሸክሞ ደረጃው ሥር አደረሰና አስቀመጠው። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ነይ ውረጂ!" ብሎ ወደ ላይ ተጣራ። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ለጎረቤት ትታ፣ ልክ መውሰጃው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወረደች።

"ምነው ጋሼ፣ አመመህ እንዴ?"

"ዛሬ ትከሻዬን እንጃ።"

"በሞትኩት! ሽቦን ልጥራልህ?"

"አትጥሪው። አንቺ ያዢው።"

"እኔ?" ሳቀች። "ሃያ ምናምን ኪሎ እኔ የምችለው ይመስልሃል? ኧረ አትቀልድ ጋሼ፣ ወገቤን ነው የምትሰብረው።"

"ጎንበስ በይ።"

አባቷን የሚያህል ሽማግሌ ነውና እምቢ ማለት ከበዳት። ጎንበስ ብላ ጥርሷን ነከሰች፣ እግሯን አንፈራጥጣ ለከባድ ሸክም ተዘጋጀች። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አጥፎ አደረገላት፤ በፎጣው ላይ ጆንያውን አሳረፈ። ብድግ ስትል ከኃይሏ ብዛት ወደ ኋላ ልትወድቅ ነበር። ሸክሙ ከጠበቀችው ግማሽ አይሞላም።

"ይኸው ቻልኩት!" አለች በደስታ። አንድ ደረጃ ወጣች፣ ሁለት፣ ሦስት። እሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይከተላታል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው ላይ ቆመች። ጀርባዋን ነበር የሚያየው፤ ጀርባዋ ግን ሁሉን ነገረው። ነጻ እጇን አዙራ የጆንያውን ጎን ጫን አደረገችው። ሰመጠ። ለቀቀችው፣ ተነሳ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጆንያ..."

አልመለሰላትም። ሕጉ ሕግ ነው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና የክሩን ቋጠሮ በጥርሷ በጠሰችው። ልብስ ሰፊ ናትና ክሩ በአንድ ስበት ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ከላይ ጭድ። ከጭዱ መሃል አሥራ ሁለት እንቁላል፣ አንድም አልተሰበረም። ከሥሩ ደግሞ ጭድ። ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ ባቄላ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ፤ አንዲት ዱባ። ከታች እስከ ጆንያው ቂጥ ድረስ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ በሥነ ሥርዓት የተደረደረ።

"ጭዱ ለእንቁላሉ ነው ያልኩት" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ጨምሪበት ያልኳት እኔ ነኝ፣ እየጨመረች ነው ብዬ... ቆረቆንዳውን ደግሞ ለእሳት ማቀጣጠያ አስባልኝ ነው ብዬ እኮ ሳመሰግናት ነበር! አመሰግናታለሁ፣ ጋሼ! ጆንያው ጢም ብሎ ሲመጣ እናቴ ጠግባለች ብዬ..."

አንዱን ቆረቆንዳ አንስታ ታገላብጠው ጀመር፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀረበትም። ጋሽ ሚዛን ከበታቿ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መናኸሪያው አዞረ።

አርብ ጠዋት ልጇን አዝላ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። እሑድ ተመለሰች። ጋሽ ሚዛን አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ልብስ ሰፊዋ ስትወርድ ፊቷን አየ።

"በሕይወት አለች" አለችው፣ መጀመሪያ ይህንን። እሱም በረጅሙ ተነፈሰ።

ከዚያ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነገረችው። እናቷ ቀሚሷን በገመድ ነው የምታስረው። ጎተራው ተጠርጓል። የምትበላው የተቀቀለ ቅጠልና አንዳንድ ቀን ደግሞ ብጣሽ ዱባ ነው። "ዶሮዎቹን ብታያቸው ግን ጋሼ፣ ላባቸው ያበራል! አምስቱም ወፍረዋል! በየቀኑ ጠዋት አንድ እፍኝ በቆሎ ትሰጣቸዋለች፤ ፍሬውን የምትፈለፍለው ለእነሱ ነው። 'እማ፣ አንቺ እየራበሽ ለዶሮ?' ብዬ ስጮህባት ምን አለችኝ መሰለህ? 'እኔ ብበላው እኔው ጋ ይቀራል። እነሱ ቢበሉት ልጅቷ ጋ ይደርሳል።'"

ጋሽ ሚዛን የሻይ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊወስድ አንስቶ መሃል ላይ ቀረ። ጆንያ ሁሉን የሚነግረው ሰው ነኝ ብሎ ያስብ ነበር። ያን እፍኝ በቆሎ ግን ማንም ትከሻ አልመዘነውም። በየማለዳው የተራበች ሴት እፍኟን ትዘረጋለች፣ ወደ አፏ ግን አትወስደውም። እንዲህ ያለ ክብደት በምን ይለካል? ሻዩ ቀዝቅዞ ተወው።

"አብረን እንሂድ አልኳት፤ ዶሮዎቹን ማን ያይልኛል አለች" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እልክልሻለሁ ስላት ደግሞ ልጅሽን አብዪበት ነው የምትለው። ብልክላት ራሱ ሰፍታ ትመልስልኛለች፤ አውቃታለሁ እኮ!"

ጋሽ ሚዛን አሰበና፣ "ለዶሮዎቹ ነው በያት" አለ።

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ሰኞ ጆንያ ሞላች፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት በጠርሙስ። አፉን በራሷ መርፌ በቀይ ክር ሰፋችው፣ ጥቅጥቅ አድርጋ፣ እንደ እናቷ። መልእክቱንም ለረዳቱ ሦስት ጊዜ አስደገመችው፦ "እማ፣ ይሄ የዶሮዎቹ ነው። ካንቺ ጋር እኩል ካልበሉ ግን አንድ ፍሬ እንዳትሰጫቸው።"

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ልብስ ሰፊዋ ስምንተኛው ደረጃ ላይ ጆንያ ስትፈታ ያላያት አልነበረም። በዚያ ሳምንት ደረጃው ላይ ያለ ቤት ሁሉ ከአልጋው ሥር ጆንያውን ጎትቶ ጫን አድርጎ ለቀቀ። ግንበኛው፣ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሁሉም እናትና አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ አክስት አለው። አንዳንዱ ጆንያ ባቄላ ነበር። ብዙው ሰምጦ ተነሳ።

ተሸካሚዎቹም ጋሽ ሚዛንን ለፍርድ ሰበሰቡት። ከሳሹ ሽቦ ነው፣ ስድስት ወሩን አልረሳውም።

"ሕግ ጥሰሃል!" አለው ደረቱን ነፍቶ።

"አንዲት ቃል ከአፌ ወጥታለች?"

"አልወጣችም።"

"እንግዲያው?"

ሽቦ አንገቱን አከከ። "ቢሆንም ታግደሃል" አለ። "እስከ ሻይ ሰዓት።" ሳቁ መናኸሪያውን ሞላው። ሻዩን እየጠጡም በሕጉ ላይ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ይሄም የትም አልተጻፈም፣ ግን እስካሁን ይሠራበታል። አንድ ጆንያ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከቀለለ፣ ተሸካሚው ስምንተኛው ደረጃ ላይ ያወርደውና ለባለቤቱ ያሸክመዋል። ቃል ግን አይተነፍስም።

በሐሙሱ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ወደ ገጠር ሊወጣ ሲል፣ ደረጃውን በጆንያ የሚወርድ ሰው ብዛት ጉድ ያሰኝ ነበር። ተሸካሚዎቹ ጆንያ ሲያወጡ እንጂ ሲያወርዱ ኖረው አያውቁምና ጉልበታቸው ግራ ገባው። ሾፌሩ ወርዶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። "ስነዳ ስኖር ወደዚያ ባዶ ጣሪያ ነው ይዤ የምሄደው" አለ። አሥራ ሰባት ጆንያ ተደርድሯል፣ ከላይ ቀይ ክር ይታያል። አውቶቡሱ እያቃሰተ ከመናኸሪያው ሲወጣ ጋሽ ሚዛን ባርኔጣውን አውልቆ እስኪሰወር ድረስ አየው። እናቱ ትዝ አለችው። ያ ማንኪያ ወደዚያም መዞር እንደሚችል በሃያ ሁለት ዓመቱ የነገረው ሰው ቢኖር ኖሮ!

እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። እናትየዋ ከዶሮዎቹ ጋር እኩል መብላት ለመደች፤ ረዳቱ "ቀሚሷን ያሰረችበት ገመድ ተፈቷል" ብሎ መጣ። እንቁላል መላኳን ግን አንድም ሐሙስ አልተወችም፤ ልብስ ሰፊዋም ጭዱን በጣቷ እየፈተሸች ትቀበላለች። ሕፃኗ በእግሯ ሄደች፣ ከዚያ ደረጃ መውረድ ለመደች፣ ከዚያ በእናቷ መቀስ መጫወት። እዚያ ማዶም ዝናቡ በጊዜው ጣለ።

አዝመራው በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ አውቶቡሱ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ሽቦ ጣሪያው ላይ ሆኖ ባለ ቀይ ክሩን ጆንያ ብቻውን ሊያነሳው ሞከረ፣ አልተነቃነቀም። በሁለት ሰው ወደ ጋሽ ሚዛን ትከሻ ወረደ። ሲያርፍበት ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ጆንያው ቁጭ አለ። አልሰመጠም፣ አልተነሳም።

"ጋሼ፣ ላግዝህ?" ሽቦ ከጣሪያው ዘለለ።

"አትንካኝ! ዋ! እንዳትነካኝ!"

መውጣት ጀመረ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ አልቆመም። ሃያኛው ላይ አረፈ፣ ሠላሳኛው ላይ አረፈ፣ ከዚያ በኋላ በየአምስቱ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ያየዋል፣ ማንም ግን አልተጠጋውም። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ድምፅ አቁማ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ቆማለች። ሲያቃስት ትሰማዋለች፤ ፊቱ ግን ጆንያው ስለጋረደው አይታያትም።

"ጋሼ!" አለች። "እንዴት ነው?"

ጋሽ ሚዛን ያኔ የሠላሳ ዓመት ሕጉን አፈረሰው። እያለቀሰም እየሳቀም፣ ከመናኸሪያው እስከ ደረጃው ጫፍ በሚሰማ ድምፅ፣

"ከበደኝ!" አለ። "ከበደኝ ልጄ!"